ለሊሳርዶ ያልቀረበው ገበታ

ሱኒልዳ ቻይሌ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም ይሏት ነበር በረሃማው ተራራ ላይ ባለችው መንደር፣ ሶካይሬ ውስጥ። ውሸታቸውንም አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ እየዘለላት ያለፈው እፍረት፣ ያን ዓመት የሙታን በዓል ሲደርስ ግን የዘለለውን ሁሉ አጠራቅሞ መጣባት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፏ ነው። ትምህርት ቤት ሳለች አስተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ እጇ ጣሪያ ሊነካ ይደርስ ነበር። ካወቀችው ትመልሳለች፤ ካላወቀችውም ትመልሳለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ አይሸሽ። አንድ ጊዜ ከካላማ ከተማ የመጡ የትምህርት ተቆጣጣሪ ከመንደሩ በላይ ያለው እሳተ ገሞራ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጨሰ ሲጠይቁ፣ ቀኑን ከነሰዓቱ ዘረዘረችላቸው። ሰውዬው አመስግነው ሄዱ። አባቷ ይህን ሰምተው «ከየት አመጣሽው?» ቢሏት፣ «ደስ አላቸው እኮ አባዬ» አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሟ ቀርቶ «ሬዲዮ» ሆነች። የተከፈተ ሬዲዮ ዝም አይልምና።

ሳን ፔድሮ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ነገርም ተነስቶ ነበር፤ አባቷ ታመሙ፣ ላማ የሚባሉትን ባለ ሱፍ ከብቶቻቸውን የሚያግድ ጠፋ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ቆይታ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ጥርስ ስታወጣ ሱኒልዳ ከመንደሩ ርቆ ባለው የከዋክብት ተመራማሪዎች ካምፕ ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘች፤ አንድ ሳምንት ካምፕ፣ አንድ ሳምንት ቤት። የከዋክብትን ብርሃን የሚይዙት አንቴናዎች ከካምፑ ርቀው፣ ሰው ያለ ኦክስጅን ብዙ በማይቆይበት ከፍታ ላይ፣ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ቆመዋል። እሷ እዚያ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ራሷን አዙሯት ወረደች። ስለ ከዋክብት የምታውቀው ሁሉ ከምግብ ቤቱ ኮሪደር ነው። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፣ ከሥራቸው ማብራሪያ አለ። ሳህን የጫነ ጋሪ እየገፋች የደረሰችበትን መስመር ታነባለች። ጋሪው ካለፈ መስመሩም እዚያው ይቀራል።

ጎረቤቷና የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሊሳርዶ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። እሱ የሚሠራው ላይ፣ አንቴናዎቹ ሆድ ውስጥ ያሉትን ማቀዝቀዣዎች እየጠገነ ነው። ሰው አንድ ነገር ከጠየቀው «እንጃ፣ አይቼ ልንገርህ» ይላል። ጠያቂው ከረሳው በኋላ፣ ሱቅ በር ላይ ወይም ቦይ ጠረጋ ላይ ይይዘውና «ያ የጠየቅኸኝ ነገር እንደዚህ ነው» ብሎ ይነግረዋል። ሱኒልዳ በዚህ ትስቅበት ነበር። «ሊሳርዶ፣ አንተ መልስ ይዘህ እስክትመጣ እኮ ጥያቄው አርጅቶ ይሞታል!» ትለዋለች። እሱም ፈገግ ይላል፤ መልስ አይሰጥም።

በጁላይ ብርድ ከካላማ ሲመለስ በረዶ የያዘው መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠችና ሞተ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እናቱ ዶኛ ኤልሲራ እና እህቱ ቴልማ ቀሩ።

ሐዘኑ በተቀመጠ በዘጠነኛው ቀን የሥራ ባልደረቦቹ ፎቶ በመስታወት አሠርተው ይዘው መጡ። የሱ ፎቶ አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጠገናት አንቴና ከሌሎቹ ጋር ሆና ያነሳችው የሩቅ ጋላክሲ ነው። ጥቁር መሬት ላይ የፈሰሰ የእንቁላል አስኳል ትመስላለች፤ ዳር ዳሯ ቀልቶ። ሰዎቹ ዓይነ አፋሮች ነበሩ፤ ሰጥተው፣ እናትየውን አቅፈው፣ መንገድ ሳይመሽባቸው ሄዱ።

ዶኛ ኤልሲራ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወደ ለቀስተኛው ዞረው። «ልጄ በዚያ ብርድ የሚለፋው ለዚህ ነበር? ምን ይሉታል?»

ዶን ፋኩንዶ፣ የመንደሩ ጸሎት መሪ፣ ኮፍያቸውን ማሽከርከር ጀመሩ። ያኔ ሱኒልዳ፣ ከካምፑ ኮሪደር የምታውቀው ፎቶ ነውና፣ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ጋላክሲ ነው አክስቴ» አለች። «የከዋክብት መንደር በሉት። ግን እንደኛዋ ተራ አይደለችም። በዓመት ሺህ ኮከብ ትወልዳለች። ሺህ! አሁን፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን እንኳ እየወለደች ነው። ሊሳርዶ መጨረሻ ላይ ሲያያት የነበረው እሷን ነው። ሞት ያለበት አይደለም የሄደው። ልደት ያለበት ነው።»

ሰዉ «ኧኧ» አለ። አንዲት ሴትዮ አማተበች። ዶኛ ኤልሲራ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ጠርገው ቀና አሉ። «አሁንም?» አሉ።

«አሁንም» አለች ሱኒልዳ።

የዚያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አይነካም ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። ካምፕ ውስጥ አንድ ጠዋት ቁርስ ካለቀ በኋላ ዶክተር ኢግናሲያ የምትባል ተመራማሪ ቡናዋን ይዛ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተደገፈች። ከደቡብ የመጣች፣ ወሬ የምትወድ፣ ካባዋን ገልብጣ ለብሳ እንኳ የማታስተውል ሴት ናት። ሱኒልዳ ሽሮፑን እያማሰለች የለመደችውን ጨዋታ አነሳች።

«ዶክተር፣ ያቺ ኮሪደሩ ላይ ያለችው ቀይዋ ጋላክሲ፣ ዛሬ ስንት ወልዳ ይሆን?»

«ዛሬ?» ኢግናሲያ ሳቀች። «ዛሬማ ምንም። እሷ እኮ ያለቀላት ናት።»

ማማሰያው ቆመ። «እንዴት ያለቀላት? በዓመት ሺህ ይል የለ እንዴ?»

«ያኔ ነዋ! ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ከአስራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። የምናያት ያኔ እንደነበረችው ነው፣ ዓለም ገና ልጅ ሳለች። ያኔ እንደሷ ያሉት እብድ ነበሩ። ጋዙ ከየአቅጣጫው ይጎርፍላቸዋል፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ኮከብ ያዘንባሉ። በአቧራ ተሸፍነው ስለሚወልዱ በተራው ቴሌስኮፕ ብዙዎቹ አይታዩም፤ የኛዎቹ አንቴናዎች የሚይዙት አቧራው ሲሞቅ የሚሰጠውን ብርሃን ነው። ይቺ የኛዋ ጋላክሲ በዓመት አንድ ሁለት ብታወጣ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ቆጥባ።» ከመስኮቱ ሥር ወዳለው የዱቄት ጆንያ በአገጯ ጠቆመች። «ይሄን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ጋግረሽ ብትጨርሺው ነገ ምን ትጋግሪያለሽ?»

«ምንም» አለች ሱኒልዳ።

«እሷም እንደዚያው ናት። ኮከብ የሚሠራው ከጋዝ ነው፤ ጋዙን ጨረሰችው። ለኛ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ለጋላክሲ ግን እንደ አንድ ጠዋት። ከዚያ በኋላ አሮጌ ኮከቦቿን ታቅፋ መቀመጥ ነው። በእርግጥ ሄዶ ያያት የለም፤ በየዘመኑ ያሉትን አነጻጽረን ነው እንደዚያ የምንለው። እኛ የሞተች ነው የምንላት።» ቡናዋን ፉት አለች። «ፊትሽ ምን ሆነ? ለሰው ነግረሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ለማንም» አለች ሱኒልዳ። «እንዲሁ ልወቅ ብዬ ነው።»

ይህንንም ዋሸች። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ጋሪዋን ገፍታ ኮሪደሩ ላይ ሄደችና ከፎቶው ሥር ያለውን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሁሉም እዚያው ተጽፏል። እሷ የምታውቀው ሁለተኛውን መስመር ነው፤ «ያኔ» የሚለው አራተኛው ላይ ነበር። የሚያልፍ ሰው እንዳያያት ዞር ብላ ቆመች፤ ማን እንዳያያት እንደሆነ ራሷም አታውቀውም።

ቀኑን ሙሉ ራሷን ስታጽናና ዋለች። ማን ተጎዳ? አንዲት እናት እንባዋን ጠረገች፣ ምን ክፋት አለው? ሊሳርዶ ሲሠራ የነበረው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር።

የሙታን በዓል ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው የሳምንት ዕረፍቷን ይዛ መንደር ገባች። ከየግቢው የዳቦ ምድጃ ይጨሳል። ነፍሳት በበዓሉ እኩለ ቀን ላይ ደርሰው በማግስቱ እኩለ ቀን ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ጠረጴዛው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ ሟቹ የሚወደው ምግብ ቀርቦ፣ የሚወርድበት የዳቦ መሰላል ተጋግሮ መቆየት አለበት። በቅርብ ለሞተ ሰው ደግሞ ይህ ለሦስት ዓመት አንዴም ሳይታለፍ ይደረጋል። ሱኒልዳም በዚያው ሕመም ለሞቱት አባቷ የምትጋግረውን እያሰበች ስትራመድ ቴልማ መንገድ ላይ ያዘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ሬዲዮ፣ አንቺን ነው ስጠብቅ የዋልኩት» አለች። «እማዬ ገበታ አላቀርብም ብላለች።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል! ለሊሳርዶ ነዋ! ምድጃው ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ጨርቁን ባወጣው ቀማችኝ። ‹የሙታን ገበታ ለሙት ነው፤ ልጄ ልደት ያለበት ነው ያለው፤ ሱኒልዳ ነግራናለች› ትላለች። ዶን ፋኩንዶ መጥተው ለመኗት፤ ገበታ ያጣ ነፍስ በሰው በር ላይ ቆሞ ሌሎች ሲበሉ ያያል አሏት። ሳቀችባቸው እኮ!» ቴልማ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ወንድሜ በመጀመሪያ ዓመቱ ደጅ ለደጅ ሊለምን ነው። አንቺን ብቻ ነው የምትሰማው። ሂጂና አንድ ነገር በያት።»

ሱኒልዳ እውነቱን ለቴልማ እዚያው መናገር ትችል ነበር። «እሺ፣ አነጋግራታለሁ» ብቻ አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ አስታራቂ። ቴልማም አመሰገነቻት።

ዶኛ ኤልሲራ በር ላይ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ሱኒልዳን ያሳፈራት ከሁሉ በላይ ይሄ ነው። ወንበር አወጡላት፣ ሪካ ሪካ የሚባል የተራራ ቅጠል ያለበት ሻይ ቀዱላት። በተከፈተው በር ፎቶው ይታያል። ዙሪያውን ቀይና ቢጫ የወረቀት አበባ ሰክተውበታል፤ ለሕፃን ክርስትና እንደሚደረገው።

«አክስቴ፣» አለች፣ «ገበታውን ለወግ ያህል እንኳ ቢያቀርቡት ምን ይመስልዎታል? የሰው አፍም አለ…»

«ለወግ?» ዶኛ ኤልሲራ ባቄላውን ሳህን ላይ ወረወሩት። «ለሕያው የሙት ገበታ ማቅረብ ሞት መጥራት ነው። ይሄን አታውቂም? ቴልማ ናት የላከችሽ፤ እሷ ገና ልጅ ናት። አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ፣ እዚያ የምትውይ ነሽ።» ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ ንገሪኝ እስቲ። ዛሬ ስንት ተወልዷል?»

ሱኒልዳ ሻዩን አየች። አሁን ነበር መናገሪያው። አእምሮዋ ግን፣ ያ የተረገመ ፈጣን አእምሮዋ፣ ሺውን ለዓመቱ ቀናት ማካፈል ጀመረ።

«ሦስት ያህል» አለች።

«ሦስት!» ዶኛ ኤልሲራ ጭናቸውን መቱ። «አይ ልጄ! ሥራ በዝቶበታላ! ይሄኔ ምሳም አልበላም!» እየሳቁ ወደ ፎቶው ዞሩ።

ሱኒልዳ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሳች። ላሞቹን ልያቸው አለች፤ ላም የላትም። ከአጥሩ ጀርባ፣ ከቦዩ ዳር፣ ማንም በማያያት ቦታ ቁጭ ብላ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። ግን የታጠበችው ፊት እዚያው ነበር። ልጅ ሆና ተቆጣጣሪውን ስትዋሽ ማንም ገበታ አላጣም። ያሁኑ ሌላ ነው። የራሷን ፊት ለማዳን ብላ አንድ ሙት ደጅ ልታስቀር ነው፤ ሙቱ ደግሞ አንድም ቀን የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የአባቷን ገበታ ዘርግታ፣ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ወጣች። ዶኛ ኤልሲራን ለዶሮዎች በቆሎ እየበተኑ አገኘቻቸው።

«አክስቴ፣ ትናንት ሦስት ያልኩዎት…»

«ጨመረ?»

«አልጨመረም። አንድም የለም።» ቃሉ ከወጣ በኋላ ቀሪው እየተንጠባጠበ መጣ። ብርሃኑ የቆየ መሆኑን፣ ልደቱ ያኔ የነበረ መሆኑን፣ ጋላክሲዋ ያላትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥታ መጨረሷን። «አሁን አትወልድም። የሞተች ናት ይላሉ። እኔ ያኔ ለቅሶው ላይ ስናገር ይሄን አላውቅም ነበር። ትናንት ግን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ሦስት ያልኩት።»

በቆሎው ከዶኛ ኤልሲራ እጅ አለቀ፤ እጃቸው ግን መበተኑን አላቆመም። ዶሮዎቹ ባዶ መሬት ጫሩ።

«ሊሳርዶ ያውቅ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ያውቅ ነበር። ሥራው ነው።»

«ሲያያት የሞተች እንደሆነች እያወቀ?»

«አዎ፤ የድሮ ብርሃኗን ነው የሚይዙት። እሱ ይሄን ነበር የሚለፋበት፤ ያ ብርሃን እንዳይጠፋባቸው ማሽኑን ማቀዝቀዝ።»

ዶኛ ኤልሲራ የዶሮውን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጡ። «እና አንቺ ሻማዬ አጠገብ ቆመሽ…»

«ላጽናናዎት ብዬ ነበር አክስቴ።»

«አይደለም።» ድምፃቸው አልጮኸም። «ሰዉ እንዲያይሽ ነው። አየሁሽ እኮ። ተነስተሽ ስትቆሚ ቀሚስሽን አስተካከልሽ። የሚያጽናና ሰው ቀሚሱን አያስተካክልም።»

ሱኒልዳ ጎንበስ አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬት ግን አልተከፈተችም፣ ዶሮዎቹ እግሯ ሥር ይጭራሉ።

«ለዶሮዎቼ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ» አሉ ዶኛ ኤልሲራ። «ኦገስት ላይ ለምድር የመጠጥ መሥዋዕቷን ስንሰጥ ለዚያች ነገር ብዬ አንድ ብርጭቆ ወይን አፍስሻለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ። አሮጊት አበደች ብለው ይሆናላ! እኔ ደግሞ እነሱን አላዋቂ እላቸው ነበር።» ወደ ቀዝቃዛው ምድጃ ዞሩ። «ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ሦስት ሰዓት አልፏል።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ይደርሳል?»

«ምኑ?»

«ምኑ ትለኛለች! ዳቦው ነዋ! ሞቶ የለ እንዴ ልጄ? ሂጂ፣ ምድጃውን አንድጂ።»

ሱኒልዳ ሮጠች። እንጨት ፈለጠች፣ አመድ ጠረገች፣ እሳት ለኮሰች። ዱቄቱን አንድ ላይ አቦኩ፤ ሁለቱም አይነጋገሩም፤ ሊጡ ብቻ ገንዳው ላይ ጧ ጧ ይላል። «ከአባቴ ገበታ ዳቦ ላምጣ?» አለች አንድ ጊዜ፤ «ኩፍ አይልም ይሄ፣ ጊዜ የለውም።»

«የአባትሽን ዳቦ ቀምቼ ለልጄ ላበላ? ለእሱ የተጋገረ የእሱ ነው። ይልቅ አቡኪ።»

ቴልማ ጭሱን ከሩቅ አይታ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ቆማ እናቷን አየች፣ ሱኒልዳን አየች፣ ማልቀስም መሳቅም ጀመረች። «ምን አልሻት?» አለች።

«እውነቱን» አለች ሱኒልዳ ቀና ሳትል። «ያኔ ለቅሶው ላይ ያልኩት ትክክል አልነበረም።»

የቴልማ ሳቅ ተቆረጠ። «ትናንት መንገድ ላይ ሳመሰግንሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቴልማ ዞራ ወጣች። ስትመለስ በሁለት እጇ ትልቅ ድስት ተሸክማ ነበር፤ በቆሎና ሥጋ ያለበት ፓታስካ፣ ሊሳርዶ ከካላማ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሾርባ። ፓታስካ በአንድ ጠዋት አይደርስም። «ከትናንት ጀምሬ እቤቴ በድብቅ ስቀቅል ነው ያደርኩት እማዬ» አለች፤ እንዳትመታ ያህል ወደ ኋላ እያለች።

«እናንተ ልጆች!» አሉ ዶኛ ኤልሲራ። «ሁላችሁም ከጀርባዬ ናችሁ። አስቀምጪው። ጨው አለው?»

ዳቦው ወጣ። ኩፍ አላለም፤ ጠፍጣፋ፣ ዳር ዳሩ የነደደ። መሰላሉ ምድጃ ውስጥ ተጣሞ አንዱ ጎኑ አጠረ። ሦስቱም ቆመው አዩት።

«ይሄ መሰላል ነው እባብ?» አለች ቴልማ።

«ሊሳርዶ ከዚህ የባሰ ላይ ወጥቶ ያውቃል» አሉ እናቱ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ዘርግተው መሰላሉን ከግድግዳው ጋር አስደገፉት። ከፎቶው ላይ የወረቀት አበባዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉና ፎቶውን ከሳህኖቹ መካከል አስቀመጡ። ሱኒልዳ ልርዳ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ዶኛ ኤልሲራ በክርናቸው ገፋ አደረጉት። አልጠነከረም፤ ግን ገፏት።

የቤተ ክርስቲያኑ የእኩለ ቀን ደወል ሊደወል ሲል ሰው መግባት ጀመረ። ጭሱን አይተው ነው። የሙት ገበታ ያለበት ቤት ማንም ሳይጠራ ይገባል፣ ይጸልያል፣ ይበላል። ዶን ፋኩንዶ ኮፍያቸውን አውልቀው በረጅሙ ተነፈሱ። ቤቱ ሞላ፤ ለቅሶው ላይ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ሱኒልዳ በበሩና በግድግዳው መካከል ያለች ጥግ ውስጥ ተለጠፈች፤ ጸሎቱ እንደተጀመረ ሹልክ ልትል አስባለች።

ደወሉ ተደወለ። ዶኛ ኤልሲራ ባዶውን ወንበር ሳብ አደረጉለት።

«ና ግባ ልጄ» አሉ፤ ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው እንደሚባለው። «ዘግይተናል፤ ዳቦው ኩፍ አላለም፤ ይቅር በለን። አስቀርተንህ ነበር። ለምን እንደሆነ ይቺ ትነግርሃለች።» ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። «ሱኒልዳ። ነይ፣ ንገሪው።»

በስሟ ጠሯት። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ወደ ጠረጴዛው ያለው መንገድ ከፈት አለ፤ የሚያስወጣው መንገድ በሰው ተዘጋ። እግሯ እየከበዳት ሄደች። ለሕያዋኑ መንገር ይቀላት ነበር፤ እነሱ ይናደዳሉ፣ ወይ ይስቃሉ፣ ያልፋል። ይህ ወንበር ግን አይናደድም። ሊሳርዶ በሕይወቱ ሲያደርግ እንደነበረው ዝም ብሎ ይጠብቃታል።

«ሊሳርዶ፣» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ያቺ ጋላክሲ… አንተ ታውቀዋለህ። እኔ ነኝ የማላውቀው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግማሹን አንብቤ፣ ለእናትህ ሙሉውን እንደማውቅ አድርጌ ነገርኳቸው። በሥራህ ላይ ዋሸሁ። ትናንትም ጠየቁኝ፣ ትናንትም ዋሸሁ።» ከኋላዋ አንድ ሰው «አቤት!» ሲል ሰማችው። አንገቷ እንደ ፍም ጋለ፤ ቢሆንም አላቆመችም። «በዓመት ሺህ መውለዷ እውነት ነው፤ ግን ያኔ፣ ዓለም ገና ሲጀመር። አሁን አልቆላታል። አንተ ሞተሃል፣ እሷም ሞታለች፤ እኔ ሁለታችሁም በሕይወት አላችሁ ብዬ ገበታ አስቀረሁብህ። ይሄው ነው።»

ዶን ፋኩንዶ ሳል አሉ። ሱኒልዳ ቁጭ ትበል ትቁም ግራ ገብቷት እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች፤ የሚያስቀምጣት አልነበረም።

ዶኛ ኤልሲራ ከድስቱ ጨልፈው ከልጃቸው ፊት ባለው ሳህን ላይ ሾርባውን አፈሰሱ። እንፋሎቱ ወንበሩ ላይ ወጣ።

«ሰማህ» አሉ። «በል አሁን ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

ከዚያም ጭልፋውን፣ ማን እንደሚቀበላቸው ሳያዩ፣ ወደ ጎን ዘረጉት። ከሁሉ ቅርብ የነበረችው ሱኒልዳ ናት። ተቀበለችና ለእንግዶቹ መቅዳት ጀመረች፤ ሳህን ስታቀብል የማንንም ፊት ቀና ብላ አላየችም።